ከአልትራ ትሬይል ውድድር በፊት ያሉት ስድስት ሳምንታት፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ሯጮች የልምምድና የማገገሚያ መመሪያ

በአስፋልት 10 ኪሎ ሜትር ወይም ግማሽ ማራቶን የለመደ ሯጭ ለመጀመሪያ ጊዜ አልትራ ትሬይል፣ ማለትም ከማራቶን የሚረዝም እንደ 50 ኪሎ ሜትር ያለ የተራራ ውድድር ሲመዘገብ ሐሳቡ ሁሉ ዳገቱ ላይ ይሆናል። «ትንፋሼ ይችለው ይሆን?» እያለ ይጨነቃል። ብዙዎችን የሚጥለው ግን ቁልቁለቱ ነው። ከ30ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ልብና ሳንባቸው ገና ደህና ሆኖ ሳለ የጭናቸው ፊት ጡንቻ እምቢ ይላቸዋል። ሜዳ ላይ መሮጥ የሚችሉ ሰዎች ቁልቁለት ሲያዩ ይቆማሉ፤ ጎናቸውን ሰጥተው አንድ አንድ እርምጃ ይወርዳሉ። ሌላው ጣጣ የሚመጣው ከውድድሩ በፊት ባሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት ነው፤ «ገና አልበቃኝም» በሚል ስጋት ልምምድ እየጨመሩ ደክሞ መነሻው ላይ መቆም።

ስለዚህ እዚህ የምጽፈው እግርን ለቁልቁለት ስለማዘጋጀትና፣ ጊዜው ሲደርስ እጅን ሰብስቦ ሰውነትን ስለማሳረፍ ነው። ለመጀመሪያው ሥራ እኛ ምሥራቆች የታደልን ነን። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ሐረማያ 2,000 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ ከ1,900 ሜትር ጥቂት ዝቅ ትላለች። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከፍታው የሚገኘውም ከሞላ ጎደል በደንገጎ ዳገት ላይ ነው። ሌላ ሀገር ያለ ሯጭ እንዲህ ያለ ቁልቁለት ፍለጋ ትኬት ቆርጦ ይሄዳል።

መመሪያው የሚያገለግለው ቢያንስ ለአራት አምስት ወር በሳምንት አራት ቀን ሲሮጥ ለቆየና 25 ኪሎ ሜትር በአንድ ቀን ሮጦ ለሚያውቅ ሰው ነው። እዚያ ካልደረሳችሁ ውድድሩን ለሚቀጥለው ጊዜ አስተላልፉት። በስድስት ሳምንት መሠረት አይጣልም፤ የተጣለውን ማሳመር ግን ይቻላል።

መጀመሪያ ውድድሩን አጥኑት

ወረቀት ላይ የሚከተሉትን ጻፉ፦ ጠቅላላ ርቀት፣ ጠቅላላ የዳገት ሜትር፣ የመነሻ ሰዓት፣ የቦታው ከፍታና የአየር ጠባይ፣ ውሃና ምግብ የሚገኝባቸው ጣቢያዎች፣ በየጣቢያው የተቀመጠው የመጨረሻ ሰዓት። ከዚያ ኪሎ ሜትር መቁጠር አቁሙና በሰዓት ማሰብ ጀምሩ። በአስፋልት 50 ኪሎ ሜትር በአምስት ሰዓት የሚጨርስ ሰው 1,500 ሜትር ዳገት ያለበትን ተራራማ 50 ኪሎ ሜትር ለመጨረስ ሰባትና ስምንት ሰዓት ቢፈጅ አይግረመው። ልምምዳችሁም የሚለካው በእግራችሁ ላይ በቆያችሁበት ሰዓት፣ በወጣችሁትና በወረዳችሁት ሜትር ነው። «ዛሬ 18 ኪሎ ሜትር ብቻ ሮጥኩ» ብሎ መከፋት እዚህ ቦታ የለውም፤ 18ቱ ኪሎ ሜትር 900 ሜትር መውረድ ካለበት ከባድ ሥራ ሠርታችኋል።

ስድስተኛውና አምስተኛው ሳምንት፦ የቁልቁለት ወቅት

ሳምንታቱን የምቆጥረው ከውድድሩ ወደ ኋላ ነው፤ ስድስተኛው የልምምዱ መጀመሪያ ነው፣ የመጨረሻው የውድድሩ ሳምንት ነው። ስትወርዱ የጭን ፊት ጡንቻ እየተለጠጠ ነው የሚሠራው፤ ሰውነታችሁ ወደ ታች እንዳይንደረደር ፍሬን ይይዛል። እንዲህ ያለው ሥራ ጡንቻው ውስጥ ጥቃቅን ጉዳት ያደርሳል። ሕመሙ የሚብሰው በዕለቱ አይደለም፤ በማግሥቱና በሦስተኛው ቀን ነው። ያን ጊዜ ወንበር ላይ ለመቀመጥ እንኳ እጅ መደገፍ ያስፈልጋል። ደስ የሚለው ግን ጡንቻው ከተጠገነ በኋላ ያንኑ ሥራ ሲደግም የሚደርስበት ጉዳት በጣም ያነሰ መሆኑ ነው፤ መከላከያውም ለሳምንታት ይቆያል። የመመሪያው አከርካሪ ይህ ነው፦ ጡንቻውን በጊዜ ማስለመድ፣ ማስጠገን፣ ከዚያ መተው።

በስድስተኛው ሳምንት አጠር ያለ ቁልቁለት ይበቃል። ሐረር ያላችሁ ሐኪም ተራራን ተጠቀሙ። 20 ደቂቃ ሰውነት አሟሙቁ፣ ለስምንት ደቂቃ ያህል በፍጥነት በእግር ውጡ፣ በተቆጣጠራችሁት ሩጫ ውረዱ፤ ይህንን አራት ጊዜ ደጋግሙ። ድሬዳዋ ያላችሁ ወደ ደንገጎ የሚያመሩትን የእግር መንገዶች ተጠቀሙ። አስፋልቱን ግን እርሱት። ጠመዝማዛ ነው፣ ከባድ መኪና ይበዛበታል፣ ኩርባው ላይ አሽከርካሪው አያያችሁም። ከመንገዱ ራቅ ብለው ገበሬዎችና አህዮች የሚመላለሱባቸው ቀጫጭን መንገዶች አሉ፤ የአካባቢውን ሰው ሰላም ብላችሁ ጠይቁ፣ ያሳዩአችኋል። ብቻችሁን አትሂዱ፤ የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱም ለቤት ሰው ተናገሩ።

በአምስተኛው ሳምንት ከ40 እስከ 60 ደቂቃ ሳይቋረጥ የሚወርድ መንገድ አንድ ጊዜ ውረዱ። በሚኒባስ ደንገጎ ወጥቶ በእግር መውረድ ይቻላል። ይህንን በሳምንት ሁለት ጊዜ አታድርጉት። አንዱ ይበቃል፤ በማግሥቱ እረፍት ወይም ቀላል እርምጃ ይሁን።

አወራረዱን ለመማር የተሻለ አስተማሪ የለም፤ ማገዶ ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱትን እናቶች ተመልከቱ። እርምጃቸው አጭርና ፈጣን ነው። ጉልበታቸው ሁልጊዜ በትንሹ እንደታጠፈ ነው፤ ቀጥ አድርገው አይተክሉትም። እግራቸው የሚያርፈው ከወገባቸው በታች እንጂ ወደ ፊት ተወርውሮ አይደለም። ኮቴያቸውም አይሰማም። አብዛኛው ጀማሪ ሯጭ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ በተረከዙ ይተክላል፣ በየእርምጃው ፍሬን ይረግጣል። ዓይናችሁን ከእግራችሁ ሥር አንሡና ሦስት አራት ሜትር ወደ ፊት ጣሉት፤ ክንዳችሁን ከጎን ከፈት አድርጉ፤ ደረታችሁ ከቁልቁለቱ ጋር ትንሽ ይዘንበል። የእግራችሁ ድምፅ ጧ ጧ ካለ እርምጃችሁን አሳጥሩ።

ለዚህ የሚያግዝ የቤት ውስጥ ሥራም አለ። ደረጃ ላይ በአንድ እግር ቆማችሁ ሌላውን እግር በዝግታ፣ እስከ ሦስት እየቆጠራችሁ፣ ወደ ታችኛው ደረጃ አውርዱ፤ ተረከዙ መሬት ሲነካ መልሱት። በእያንዳንዱ እግር 10 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በሳምንት ሁለት ቀን። የባት ጡንቻን ለማጠንከር ደግሞ በእግር ጣት መነሳትና በዝግታ መውረድን ጨምሩበት።

ስለ ዳገቱ የምለው አጭር ነው፦ ተራመዱ። ቀጥ ያለ ዳገት ላይ እጅን ጭን ላይ አድርጎ በፍጥነት የሚራመድ ሰው ከሚሮጠው ብዙም አይቀርም፤ ጉልበቱን ግን ያተርፋል። በልምምድም በውድድርም ሳታፍሩ አድርጉት።

የሳምንቱ አደረጃጀት ይህን ይመስላል። ሰኞ ሙሉ እረፍት። ማክሰኞ ከ50 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት እያወሩ መሮጥ የሚቻልበት ሩጫ፣ ማታ የጉልበት ሥራ (ከላይ ያየነው የደረጃና የባት ልምምድ)። ረቡዕ ዳገት ወይም ፈጠን ያለ ልምምድ። ሐሙስ ቀላል ሩጫ። ዓርብ እረፍት ወይም ሌላኛው የጉልበት ሥራ። ቅዳሜ ረጅሙ፣ እሁድ መካከለኛ። ለጁምዓም ለቅዳሴም ቀኖቹን እንደ ቤታችሁ አቀያይሩ፤ ሁለት ከባድ ቀን ጎን ለጎን እንዳይገጥም ብቻ ተጠንቀቁ። የሚከተለው ትልቁ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው ከዚህ ሕግ ውጪ።

አራተኛው ሳምንት፦ ትልቁ ቅዳሜና እሁድ

ይህ የሙሉ ልምምዱ ጫፍ ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ መውረድ ነው። ቅዳሜ ከአራት ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ሰዓት፣ እሁድ በደከመ እግር ከሁለት ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል። ከዚህ በላይ አትሂዱ። 50 ኪሎ ሜትሩን አስቀድሞ በልምምድ የሮጠ ሰው ውድድሩን ልምምዱ ላይ ጨርሶታል።

ለድሬ ልጆች የምመክረው የቅዳሜ መንገድ ከታች ወደ ላይ ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ገና ሳይሞቅ ከድሬዳዋ ተነሡ፤ ፀሐይዋ ስትወጣ እናንተም ወደ ቀዝቃዛው አየር ትወጣላችሁ። ረፋዱ ላይ ድሬ ስትግል እናንተ ሐረማያ ሜዳ ላይ ናችሁ፤ ሲያበቃ ሚኒባስ ይዞ መመለስ ነው። አገላብጣችሁ በረፋድ ወደ ድሬ ብትወርዱ ግን በጣም በደከማችሁበት ሰዓት ወደ ምድጃው ትገባላችሁ። ቁልቁለቱን እሁድ በማለዳ፣ አጠር አድርጋችሁ ውረዱ።

ሐረር ያላችሁ አገሩን የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ወደ ቆንዱዶ አቅኑ። 3,000 ሜትር ገደማ የሚደርስ፣ አናቱ ሜዳ የሆነ፣ ባለቤት የሌላቸው ፈረሶች የሚኖሩበት ተራራ ነው፤ ለከፍታም ለቁልቁለትም ከዚያ የተሻለ በአቅራቢያ የለም። ገና ሳይነጋ ከሐረር ስትወጡ ደግሞ የራስ ባትሪ ያዙ፣ በቡድን ሂዱ። የከተማው ጅቦች ሰው የለመዱ ቢሆኑም ከከተማ ውጪ በጨለማ ብቻን መሮጥ አይመከርም፤ ውሻም አለ።

በእነዚህ ሁለት ቀናት የምትለብሱት፣ የምትሸከሙት፣ የምትበሉት ሁሉ የውድድር ቀኑ ይሁን። ካልሲው ሳይቀር። ጫማ ከሳልባጅ ተራ የምትገዙ ከሆነ ሁለት ነገር ፈትሹ፦ ሶሉን በእጃችሁ አጥፉት፣ እንደ ጨርቅ ከታጠፈ ወይም መሃሉ ተሰነጣጥቆ ከሆነ ተዉት። ከዚያ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አስቀምጡትና ከኋላ እዩት፤ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ የሰው አረማመድ ይዞ ነው የመጣው። ቁጥሩ ከዘወትር ጫማችሁ በግማሽ ቁጥር ያህል ይብለጥ፤ ከሦስት አራት ሰዓት በኋላ እግር ያብጣል፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ጣት ፊት ለፊቱን ይመታል። የውድድሩ ጫማ ከዚህ ሳምንት በኋላ አይቀየርም።

መብላትና መጠጣትን መለማመድ

ሆድም እንደ እግር ይሠለጥናል። ግቡ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ነው፤ የለመደ ሰው ከዚያም በላይ ይችላል። እዚህ አገር በታሸገ ጄል ማሰብ አያስፈልግም። መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም ያህል አለው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም፣ ስኳር 12 ግራም ገደማ። ትንሽ ቴምር አንዷ ፍሬ አምስት ስድስት ግራም ናት፤ ቴምር ደግሞ ድሬ ላይ ሞልቷል። የሐረርጌ ስኳር ድንች ተቀቅሎ፣ ጨው ነስነስ ተደርጎበት በፌስታል ሲያዝ ከአራተኛው ሰዓት በኋላ ጣፋጭ ለሰለቸው አፍ የሚገኝ ምርጥ ምግብ ነው፤ 100 ግራሙ 20 ግራም ገደማ ይሰጣል። በሶ በማር የተለወሰም ይሆናል፣ ለአንዳንዱ ግን ሆድ ይከብዳል። ስለዚህ ነው አሁን የሚሞከረው።

ለመጠጥ ከፋርማሲ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የስኳርና የጨው ዱቄት) መግዛት ይቻላል። ቤት ውስጥ ስታዘጋጁ፦ ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ጨውን በግምት አትጨምሩ።

ምን ያህል ትጠጣላችሁ? የሚመልሰው ሚዛን ነው። ልብስ አውልቃችሁ ተመዘኑ፣ ምንም ሳትጠጡ አንድ ሰዓት ሩጡ፣ ላባችሁን አብሳችሁ እንደገና ተመዘኑ። የቀነሰው አንድ ኪሎ አንድ ሊትር ላብ ማለት ነው። በድሬ ሙቀት በሰዓት ከአንድ ሊትር በላይ ማላብ እንግዳ አይደለም፤ ቲሸርታችሁ ሲደርቅ ነጭ የጨው መስመር ከሠራ ደግሞ ላባችሁ ጨው ይበዛበታልና መጠጣችሁ ንጹሕ ውሃ ብቻ አይሁን። ይሁንና የጠፋውን ሁሉ ልተካ ብላችሁ ውሃ አትጋቱ። በውድድር መሃል ክብደቱ የጨመረ ሯጭ አደጋ ላይ ነው፤ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም (ጨው) ሲቀጥን ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የእጅ ጣት ማበጥ፣ ከዚያ መዘባረቅ ይመጣል፤ ሰው ሊሞትበትም ይችላል። ጥማታችሁን ተከትላችሁ፣ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ጠጡ።

ማገገም

ልምምድ ሰውነትን ይሰብራል፤ የሚያጠነክረው እረፍቱ ነው። ስለዚህ ይህ ክፍል ከሩጫው እኩል የሚሠራበት እንጂ ጊዜ ሲገኝ የሚታይ አይደለም።

እንቅልፍ ይቅደም። ስምንት ሰዓት ዒላማ ይሁን፤ በትልቁ ቅዳሜና እሁድ ሳምንት ዘጠኝም ይሁን። ድሬ ላይ ሌሊቱ የሚሞቅባችሁ ከሆነ ከመተኛታችሁ በፊት በለብታ ውሃ ታጠቡ፣ የቀን እንቅልፍ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። ጠዋት ከአልጋ ሳትወርዱ የልብ ምታችሁን ቁጠሩ። ከወትሮው በሰባት ስምንት ምት ከበለጠና እግርም ከከበደ የዕለቱ ከባድ ልምምድ ይሰረዝ። ወደ ነገ አይገፋ፤ ይሰረዝ።

ምግብ፦ ከረጅም ሩጫ በኋላ ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ካርቦሃይድሬትና ከ20 እስከ 25 ግራም ፕሮቲን። እንቁላል፣ ፉል፣ ወተት፣ የግመል ወተት የለመደ የግመል ወተት፣ ሥጋ። ጾም ላይ ያላችሁ ምስር፣ ሽምብራና የባቢሌ ለውዝ አትጡ፤ ለውዙን ከበሶ ጋር መቀላቀል ይቻላል። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ ብረት እንዳይመጠጥ ያግዳልና ቢያንስ በአንድ ሰዓት አራርቁት። ያለ ምክንያት ለሳምንታት የሚደክማችሁ ከሆነ፣ በተለይ ሴቶች፣ ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ የብረት መጠናችሁን አስመርመሩ።

ስድስቱ ሳምንታት ከረመዳን ጋር ከተገናኙ ቀላሉን ሩጫ ከኢፍጣር በፊት ባለው የመጨረሻ ሰዓት፣ ከባዱን ከኢፍጣር ሁለት ሰዓት በኋላ አድርጉት። በድሬ ፀሐይ ያለ ውሃ ረጅም ሩጫ ግን በምንም ምክንያት አይሞከር።

አሁን ወደ ጫት ልምጣ፤ በእኛ አገር ስለ ማገገም ተወርቶ ጫት ካልተነሳ ግማሹ ቀርቷል። ጎረቤትም ወዳጅም የሚሰባሰብበት መሆኑን አውቃለሁ፣ ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ነገር ግን የሚሠራውን እንይ፦ የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ቅዳሜ ረፋድ አምስት ሰዓት ሮጦ የመጣ ሰው ከምሳ በኋላ በርጫ ሲቀመጥ ሰውነቱ መብላትና መተኛት በሚፈልግበት ሰዓት ሁለቱንም ነፈገው። ምርቃናው ድካሙን ሲደብቅለት ደግሞ «አገግሜአለሁ» ይላል። ከዚህ በተጨማሪ ጫት ውስጥ ያሉት ካቲኖንና ካቲን በዓለም አቀፉ የፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ በውድድር ጊዜ ከተከለከሉት መካከል ናቸው፤ ካቲን ከተወሰነ መጠን በላይ በሽንት ሲገኝ ነው ጥፋት የሚሆነው። ስለዚህ የሚቅሙ ሯጮች ከስድስተኛው ሳምንት ጀምሮ ቀስ በቀስ ቀንሰው በአራተኛው ቢጨርሱት ይሻላል። በውድድሩ ሳምንት ድንገት ማቆም ግን ሌላ ጣጣ ነው፤ ድብታው፣ መነጫነጩና ሌሊት ዱካኩ የሚመጡት ያኔ ነው።

ቡና አይከለከልም። ጠዋት ጠጡት፤ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ግን ተዉት።

ወጌሻ ጋ የምትሄዱ፣ ጠንካራ መታሸት ከውድድሩ በፊት ባሉት 10 ቀናት ውስጥ አይሁን። በኃይል የታሸ ጡንቻ ራሱ ማገገሚያ ይፈልጋል። ቀላል ማሳጅ አይጎዳም።

የሕመም ማስታገሻን በተመለከተ ጠበቅ አድርጌ እናገራለሁ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ በረጅም ሩጫ ጊዜ፣ በፊትም ሆነ ወዲያው በኋላ አትውሰዱ። ላብ ያደረቀው ሰውነት ኩላሊቱ ተጨንቋል፤ መድኃኒቶቹ ያባብሱበታል። ከረጅም ቁልቁለት በኋላ ሽንታችሁ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ ነገ ይሻለኛል አትበሉ፤ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ሂዱ።

ድሬዳዋ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ወባም ደንጌም ቺኩንጉኒያም ያለባት ከተማ ናት፤ በ2019 (እ.ኤ.አ.) የነበረውን የቺኩንጉኒያ ወረርሽኝ የማያስታውስ የለም። ትኩሳት ያለው የመገጣጠሚያ ቁርጥማት የልምምድ ድካም አይደለም። ተመርመሩ፤ ደንጌ አለመሆኑ ሳይታወቅ አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን አትዋጡ፣ መድማት ሊያመጣ ይችላልና። ትኩሳት ላይ ሆኖ መሮጥ ፈጽሞ አይታሰብም።

ስለ ጉዳት ደግሞ፦ አረማመዳችሁን የሚቀይር ሕመም ሩጫውን ያቁም። በአንድ ጣት ሲጫኑት አንዲት የአጥንት ነጥብ ላይ የሚያም ከሆነ ሐኪም ይየው።

ሙቀትና ከፍታ

ውድድሩ ቆላ ከሆነ የሐረር ሯጮች ከ10 እስከ 14 ቀን ሙቀት መልመድ ይኖርባችኋል። በአራተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ወደ ድሬ ወይም ወደ ኤረር ሸለቆ ወርዳችሁ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ቀላል ሩጫ ሩጡ። በቀናት ውስጥ የደም ፈሳሽ ይጨምራል፣ ላብ ቶሎ ይመጣል፣ የልብ ምት ይቀንሳል። ካቋረጣችሁት ግን በሁለት ሦስት ሳምንት ይጠፋል፤ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት በሦስት ቀን አንድ ጊዜ ሙቀት ላይ አጭር የማስታወሻ ሩጫ ይበቃል። ሯጭ መንገዳገድና መዘባረቅ ከጀመረ ወዲያው ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ውሃ አፍስሱበት፣ አራግቡለት፤ ከዚያ ነው ሕክምና ፍለጋው።

ውድድሩ ከ2,500 ሜትር በላይ ከሆነ ደግሞ የድሬ ሯጮች ረጅሙን ሩጫ ሐረማያና ቆንዱዶ ላይ አድርጉ፤ ዕድሉ ያላችሁ ሐረር ዘመድ ቤት ጥቂት ሳምንት እደሩ። ውድድሩ ላይ ፍጥነታችሁ እንደሚቀንስ ከወዲሁ ተቀበሉ።

ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ውድድሩ፦ መቀነስ

ጫፉ ላይ በሳምንት ስምንት ሰዓት ትሮጡ ከነበረ ሦስተኛው ሳምንት ወደ ስድስት፣ ሁለተኛው ወደ አራት ሰዓት ይውረድ፣ የውድድሩ ሳምንት ከውድድሩ በፊት ከሁለት ሰዓት አይብለጥ። የሚቀንሰው የሩጫው ርዝመት ነው። የሩጫ ቀናት ብዙም አይቀንሱ፤ ፍጥነቱም አይጥፋ። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ የአንድ ደቂቃ ፈጣን ሩጫ እግሩን ንቁ ያደርገዋል።

የመጨረሻው ከባድ ቁልቁለት በሦስተኛው ሳምንት መጀመሪያ፣ ማለትም ከውድድሩ 18 ቀን ገደማ በፊት ይሁን። ሁለት ሳምንት ከቀረ በኋላ ደንገጎ ላይ የሚወርድ ሰው የተጎዳ እግር ይዞ ነው የሚወዳደረው። የቤት ውስጥ የጉልበት ሥራም ከውድድሩ 10 ቀን በፊት ይቁም።

እዚህ ላይ ጭንቅላት ይፈትናል። ሩጫው ሲቀንስ እግር ይከብዳል፣ ጤነኛው ጉልበት ያም ጀመር ይላል፣ እንቅልፍ ይዛባል፣ ክብደት አንድ ሁለት ኪሎ ይጨምራል። ክብደቱ ስብ አይደለም፤ ጡንቻ ውስጥ የሚከማች እያንዳንዱ ግራም የስኳር ስንቅ ወደ ሦስት ግራም ውሃ አብሮ ይይዛል። የልምምድ ጓደኞቻችሁ «አንድ ዙር ደንገጎ እንውጣ አቦ» ሲሏችሁ እምቢ በሉ። ውድድር የሌለበት ሰው ይውጣ። ትርፉን ሰዓት ጥፍር ለመቁረጥ (ከውድድሩ አራት ቀን በፊት)፣ ቦርሳ ለማዘጋጀት፣ ለመተኛት አውሉት።

በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት በኪሎ ክብደታችሁ ከስምንት እስከ 10 ግራም ካርቦሃይድሬት ብሉ፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን ከ480 እስከ 600 ግራም ማለት ነው። ሩዝ፣ ፓስታ፣ ዳቦ፣ ድንች፣ ሙዝ፣ ማር። ሽሮ፣ ምስር፣ ጥሬ አትክልትና በርበሬ የበዛበት ወጥ ግን ቀንሱ፤ ሆድን የሚነፋና የሚያስሮጥ ነገር በተራራ ላይ መጸዳጃ የለውም። እንጀራ ማቆም አያስፈልግም፣ መጠኑ ይነስ። አዲስ ምግብ ቤት አትሞክሩ።

ወደ ውድድሩ ቦታ ረጅም ጉዞ ካለባችሁ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ቀድማችሁ ድረሱ፤ መኪና ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ተጣጥፋችሁ አትቀመጡ፣ ሲቆም ውረዱና ተንጠራሩ። ዋናው እንቅልፍ ከዋዜማው በፊት ያለው ሌሊት ነው። በዋዜማው እንቅልፍ ቢጠፋ አትደንግጡ፤ ተጋድሞ ማረፍም ይሠራል።

በውድድሩ ቀን ከመነሻው ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት በፊት የለመዳችሁትን ቁርስ ብሉ፦ ዳቦ በማር፣ ሙዝ፣ አንድ ስኒ ቡና። ቫዝሊን በብብት፣ በጭን መካከልና በእግር ጣቶች መካከል ቀቡ። የጫማውን ክር ቁርጭምጭሚት አካባቢ ጠበቅ፣ ጣቶች ላይ ላላ አድርጋችሁ እሰሩ። የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር እያወራችሁ መሮጥ በምትችሉበት ፍጥነት ሩጡ። ሰዓታችሁ ወይም ስልካችሁ በየ25 ደቂቃው እንዲጮህ አድርጉ፤ በጮኸ ቁጥር ባይርባችሁም አንድ ነገር ብሉ።